እጥፍ ነው የሚጠጣው

ሥራዬ ማስተርጎም ነው። ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ የጠሩኝ ቦታ ሁሉ እሄዳለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት «አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ» ይሉኛል፤ ሰውየው «ይጠጣል» ሲል ዝም ብዬ ስለማልተረጉም ነው። «ማን?» ብዬ እጠይቃለሁ። እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ ነው፤ ሰው ከሆነ ሰው፣ ዕቃ ከሆነ ዕቃ ብሎ ይለያል። የኛ ቋንቋ ግን ሰውየውንም መኪናውንም በአንድ «ይጠጣል» ይጨርሳቸዋል። ዳኛው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ፣ ጠበቃው ሰዓቱን እያየ፣ እኔ «ማን ነው የሚጠጣው?» እላለሁ። ይበሳጩ። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ሳልጠይቅ ቀርቼ አባቴን ከቤት አስወጥቻለሁ።

በፈረንጅ 1996 መሆኑ ነው። ዴንቨር አጠገብ አውሮራ፣ ቻምበርስ ሮድ ላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ባለሁለት መኝታ አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ ሐሚድ የኤርፖርት ሻትል ይነዳል። አዲሱ ኤርፖርት ከተከፈተ ዓመት አልፎት ነበርና መንገዱ ረዝሞበታል፤ ንጋት ላይ ገብቶ እስከ እኩለ ቀን ይተኛል። እናቴ ሰውዳ ኢስት ኮልፋክስ መንገድ ላይ ሱቅ ውስጥ ካሸር ነበረች። እሷ ስትወጣ እሱ ተኝቷል፣ እሱ ሲነሳ እሷ የለችም። የሚገናኙት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር፤ ቅዳሜን ደግሞ ኖቫው ወሰደው።

«ኖቫው» የምለው አባቴ ከጋሽ ተኽለሚካኤል ጋር በሽርክና የያዘው መኪና ነው፤ የ1974 ሼቭሮሌት፣ የኋላ ወንበሩ የተነቀለ፣ ቀለሙ ይህ ነው የማይባል። ጋሽ ተኽለሚካኤል የአስመራ ሰው ነው፤ አማርኛን በትምህርት ቤት የተማረ፣ ከኛ ሰዎች አስበልጦ የሚናገር። ከኮልፋክስ ገባ ብሎ ትንሽ ጋራዥ ነበረው። አባቴም አዲስ አበባ እያለ መካኒክ ነበር፤ እዚህ ወረቀት የለህም ተብሎ መሪ ጨበጠ እንጂ ሞተር ውስጥ ያደገ ሰው ነው። ሌላው ሰው መኪናውን «እሷ» ይላል። ሁለቱ ግን ኖቫውን «እሱ» ነበር የሚሉት። ወንድ ነው፣ ጉልበተኛ ነው እያሉ ይቀልዳሉ። እንደሌላው ሰው «እሷ» ቢሉት ኖሮ ይህን ሁሉ ዛሬ አላወራም።

የሚወዳደሩት ድራግ የሚሉትን ነው። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ፣ መብራት ይበራል፣ ሩብ ማይል ቀጥ ብለው ይበራሉ። ዐሥራ አምስት ሰከንድ አይሞላም። እናቴ «ለዐሥራ አምስት ሰከንድ ስድስት ቀን ይለፋል» ትል ነበር። መጀመሪያ እየሳቀች ነበር የምትለው። በኋላ መሳቁን ተወችው። ከዚያም «ፍቺ» የሚል ቃል ቤታችን ውስጥ መሰማት ጀመረ። ቃሉን እንግሊዝኛ ላይ አውቀዋለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ ወላጆቻቸው የተፋቱ ልጆች ነበሩ፣ አንድ እናት ቤት፣ አንድ አባት ቤት፣ ሁለት የጥርስ ብሩሽ አላቸው። እኔ ሁለት የጥርስ ብሩሽ አልፈልግም ነበር። በዚያ ዓመት ከምንም በላይ የፈለግሁት አባቴና እናቴ አንድ ቤት እንዲቆዩ ነው።

እናቴ ሁለቴ ሽማግሌ ጠርታለች። ሁለቱንም ጊዜ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። ትልቁ ሽማግሌ ሐጂ ኑዕማን ነበሩ፤ ታክሲ የሚነዱ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሁሉም የሚፈራቸው ሰው። እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ረጅም ጊዜ ትናገራለች፣ ከዚያ እሳቸው፣ «እስቲ አስቢው ሰውዳ፤ አይጠጣም፣ አይቅምም፣ አይማታም፣ ሠርቶ ያገባል። መኪና መውደድ ደግሞ ምን ጥፋት አለው? ባልሽን ያዢ» ይላሉ። ሳንቡሳው ይበላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ይሄዳሉ። እኔ በሩ ጀርባ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ አይጠጣም፤ ስለዚህ የትም አይሄድም።

ቅዳሜ እናቴ ግማሽ ቀን ስለምትሠራ አባቴ ጋራዥ ይወስደኛል። ቢሮ በሚሏት ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ በመስኮቱ አያቸዋለሁ። አንድ ቅዳሜ፣ ሚያዝያ ነበር መሰለኝ፣ ጋሽ ተኽለሚካኤል አንድ በርሜል እያንከባለለ አመጣ። ውስጡ ያለው ሐምራዊ ነው፣ ሲቀዳ የቪምቶ ጭማቂ ይመስል ነበር።

«ይኸውልህ፣ የእውነት የውድድር ቤንዚን» አለ። «ኦክቴኑ መቶ ዐሥራ ስድስት። ትልልቆቹ የሚጠቀሙት ይህን ነው።»

«ትልልቆቹ ሞተራቸው ዐሥራ አራት ለአንድ ይጨምቃል» አለ አባቴ። «የኛው ስምንት ለአንድ ነው። ምን ያደርግለታል?»

«ውድ ነገር መጥፎ ሆኖ ያውቃል?»

አባቴ በመስኮቱ ወደኔ ዞረ። ነገር ሲያስረዳ ለኔ ነበር የሚያስረዳው፤ ጋሽ ተኽለ ይስማው ብሎ። «ኑሲ፣ ሞተር ቤንዚኑን ከማቃጠሉ በፊት ይጨምቀዋል። አጥብቆ የሚጨምቅ ሞተር ውስጥ ተራው ቤንዚን አይታገሥም፤ ሳይታዘዝ ፈንድቶ ሞተሩን ይሰብረዋል። ኦክቴን ማለት ትዕግሥት ነው፣ ኃይል አይደለም። የኛ ሞተር የሚጨምቀው ለስለስ አድርጎ ነው፤ ዴንቨር ደግሞ ደጋ ናት፣ አየሯ ስስ ነው። ታጋሽ ቤንዚን ብትሰጪው ሳይነድለት በጭስ ማውጫ ይወጣል። ለሱ ከማደያ የሚቀዳው ተራው ይበቃዋል።»

«ኦኬ» አልኩት። ሐምራዊው ግን ያምር ነበር።

ጋሽ ተኽለሚካኤል እሺ አላለም። ሐምራዊውን አስገብቶ ውድድር ሄዱ፤ ኖቫው ከበፊቱ በአንድ ሦስተኛ ሰከንድ ዘገየ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋራዥ ሄድን። ጋሽ ተኽለ አኩርፏል። አባቴ አላፌዘበትም፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አንድ ሌላ ነገር አለ» አለው። ወደኔ ገልመጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። የነገረውን አልሰማሁም። ጋሽ ተኽለ ብቻ ከት ብሎ ሳቀ፤ «አንተ? ሙስሊሙ ሰውዬ?» አለው።

«ብቻ ቤት ውስጥ ስሙ እንዳይነሳ» አለ አባቴ።

ያን ዕለት የነገረው ስለ ሜታኖል ነው። ዛሬ ስሙን አውቀዋለሁ፣ መጽሐፍም አንብቤበታለሁ። ሞተሩ ውስጥ ሲገባ ያቀዘቅዛል፤ አጥብቆ የማይጨምቅ ሞተርም ቢሆን፣ ስስ አየር ላይም ቢሆን፣ ጉልበት ያገኝበታል። ነገር ግን ከቤንዚን እጥፍ ይፈልጋል፤ ነዳጁ የሚያልፍባቸውን የካርቡሬተሩን ቀዳዳዎች ማስፋት ያስፈልጋል። ብርድ ላይ ሞተሩን ለማስነሳት አስቸጋሪ ነው። እነሱ በአጭሩ «አልኮል» ይሉታል። አባቴ ስሙ ቤት እንዳይነሳ ያለው እናቴ መርዝ ነው፣ እሳት ነው ብላ እንዳትጨነቅ ነበር፤ የሐጂ ኑዕማንንም ጆሮ ፈርቶ ይሆናል። ያኔ ግን እኔ የማውቀው አባቴ ከእናቴ የሚደብቀው ነገር እንዳለ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይኑ መቅላት ጀመረ። ቅዳሜ ማታ ስንመለስ ሸሚዙ ክሊኒክ ክሊኒክ ይሸታል፣ መርፌ ከመወጋቴ በፊት ክንዴን የሚጠርጉበትን ነገር። ዓይኑን ያቀላው የኖቫው ጭስ ነበር። እኔ ምን አውቄ።

በሰኔ አንድ ቅዳሜ አባቴ ዕቃ ሊገዛ ወጣ። ቢሮው ውስጥ ሥዕል እየሣልኩ ነበር። ስልኩ ጮኸ፣ ጋሽ ተኽለሚካኤል ገብቶ አነሳው። ማን እንደደወለ አላውቅም። የሰማሁት የሱን ብቻ ነው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፣ ማስታወስ ዛሬ እንጀራዬ ሆኗል።

«አይ የሐሚድ ነገር፣ አታውቀውም እንዴ?» አለ እየሳቀ። «ያለ አልኮል አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ። … አዎ፣ ጀመረ። ከጀመረ ወዲህ እጥፍ ነው የሚጠጣው። … ጠዋት ጠዋት አይነሳም፣ ብርድ ከሆነማ ጭራሽ። ካላሞቁት አይንቀሳቀስም። … ሲጠጣ ግን ሌላ ፍጡር ነው፣ እሳት ነው የሚሆነው። … ኧረ ሚስቱ አታውቅም። ቤት ስሙ እንዳይነሳ ብሏል።»

ክሬዮኔን አስቀመጥኩ። አባቴ ጠዋት ጠዋት አይነሳም፤ እውነት ነው፣ እኔ ነኝ ለትምህርት ቤት ስወጣ ተኝቶ የማየው። ዓይኑ ይቀላል። ይሸታል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ። አባቴ ሲመለስ ፀጉሬን ዳበሰኝ፣ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ።

ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም። የቁርኣን አስተማሪያችን ስለ ኸምር፣ ስለሚያሰክር መጠጥ፣ የነገሩን ነገር ነበር፤ የሚጠጣውም፣ የሚቀዳውም፣ የሚያጓጉዘውም ሁሉም ጥፋተኛ ነው። የሚደብቀውንስ አልነገሩንም፤ እኔ ግን ጨመርኩት። ማታ አንሶላ ውስጥ ሆኜ አባቴ ሲቃጠል ይታየኛል። ማክሰኞ ዕለት እናቴ ሩዝ እያጠበች «ምን ሆነሻል?» ብትለኝ ፈነዳሁ።

«አባዬ አልኮል ጀምሯል» አልኳት። «ሂ ድሪንክስ ደብል። ጋሽ ተኽለ በስልክ ሲል ሰምቻለሁ።»

ሩዙ ከእጇ ሲንክ ውስጥ ወደቀ። አስቀመጠችኝ፣ እጇን ሳታደርቅ ትከሻዬን ያዘች፤ ያለውን በሙሉ ደግሜ ነገርኳት። ፊቷ ነጣ። ስለ አባቴ ፈርታ ነበር፣ እዚያ ድረስ እውነቷን ነው። እናቴ ሁሉን ነገር ታስተካክላለች፤ ትንሿን ብስክሌቴን አስተካክላለች፣ የትምህርት ቤት ወረቀት አስተካክላለች። አባዬንም ታስተካክላለች ብዬ ነው የነገርኳት። እንዲታረም ነበር የፈለግሁት።

በማግስቱ ከሥራ ቀርታ፣ ዐሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ ይዘን ጋራዡ ሄድን። አባቴ ቤት ተኝቷል። እኔን ቢሮው ውስጥ አስቀምጣ ከጋሽ ተኽለሚካኤል ጋር ወደ ጓሮ ገባች። በመስኮቱ አያቸው ነበር። ጋሽ ተኽለ የአንድ በርሜል ክዳን ከፈተ፣ እናቴ ጎንበስ ብላ አሸተተች፣ ወዲያው በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ ወደ ኋላ አለች። ጋሽ ተኽለ እጁን እያወናጨፈ ብዙ ተናገረ። ኖቫውን ያሳያል፣ ዓይኑን ይነካል፣ እንደገና ኖቫውን ያሳያል። እናቴ ሰማችው። አንዴ እንደውም ሳቅ ያለች መሰለኝ። ወጥታ ስትመጣ ግን ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። የአባዬን አልኮል በዓይኗ አየች፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ።

አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። ሱቆቹ በመስኮቱ ያልፋሉ፣ እሷ አታያቸውም። ፒዮሪያ ፌርማታ ጋ ስንደርስ፣ «ኑሰይባ» አለችኝ፤ ኑሲ አላለችኝም።

«አቤት።»

«የሰማሽውን ነገር ሽማግሌ ቢጠይቁሽ ትናገሪያለሽ?»

«አዎ።»

«እንደሰማሽው ብቻ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ውሸት ሐራም ነው።»

በእናቴ ኮራሁ። እንዲህ ያለ ነገር ላይ እንኳ ውሸት አትፈልግም ብዬ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ሐጂ ኑዕማንና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች። ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። አባቴ አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፣ ፈገግታም ነበረው። ምን እንደሚያስፈግገው አልገባኝም፤ የሚጠጣ ሰው አያፍርም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ ጠራችኝና መሀል ምንጣፉ ላይ ቆምኩ።

«ልጄ፣ አትፍሪ፣ የሰማሽውን ንገሪን» አሉኝ ሐጂ ኑዕማን።

እንደሰማሁት ተናገርኩ። ያለ አልኮል አይሆንም ብሎ ድርቅ አለ። ጀመረ። እጥፍ ነው የሚጠጣው። ጠዋት አይነሳም። ሚስቱ አታውቅም። አንድ ቃል አልጨመርኩም፤ ዛሬ ፍርድ ቤት ውስጥ ቢሆን ጥሩ ሥራ ነበር የሚባለው።

«ሱብሐነላህ» አሉ ሐጂ።

አባቴ ሳቀ። የእውነት ሳቅ ነበር። «ሐጂ፣ እሱ እኮ የመኪናው ነው። የሚጠጣው መኪናው ነው። አልኮሉ ነዳጅ ነው፣ ሰው ቢጠጣው ዓይኑ ይጠፋል።»

«ሐሚድ» አሉ ሐጂ ኑዕማን ቀስ ብለው፣ «ሃያ ዓመት መኪና ነዳሁ። አልኮል የሚጠጣ መኪና አላየሁም።» ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንዳይስቅ አፉን በእጁ ሸፈነ።

«ነገ ጋራዡ ድረስ ይምጡ፣ በርሜሉን ላሳይዎት።»

«በዚህ ዕድሜዬ አልኮል ላሸት?»

«እንግዲያው ተኽለሚካኤልን ይጠይቁት።»

«እሱስ ራሱ ይጠጣ የለም እንዴ?» አሉ። እውነት ነው፣ ጋሽ ተኽለ ቢራ ይወድ ነበር። ለዚህ ሽማግሌዎቹን አልረግማቸውም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ የማያውቁትን ነገር አላውቅም ማለት የከበዳቸው ሰዎች ነበሩ።

አባቴ ግን አሁንም አልተጨነቀም። ወደ እናቴ ዞሮ ጠበቀ። ሐጂም ዞሩ። «ሰውዳ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ እያፍተለተለች ነበር። ቀና አላለችም። «ልጄ ዋሽታ አታውቅም» አለች።

አባቴ አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ያን አስተያየት ዐሥር ዓመት ሙሉ ኀፍረት ነው ብዬ ኖርኩ፤ የተያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚያየው ብዬ። ከዚያ በኋላ ስለ መኪናው አንድ ቃል አልተናገረም።

«ተውበት አድርግ» አሉት ሐጂ ኑዕማን። «ተውኩት በል፣ መኪናውንም ልቀቀው፣ ቤትህ ቤትህ ነው። ማንም የሚነካህ የለም።»

«ያልጀመርኩትን እንዴት አድርጌ እተዋለሁ?»

«ሐሚድ፣ ልጅህ ቆማለች።»

«አባዬ፣ ጀስት ሴይ ሶሪ» አልኩት። እያለቀስኩ ነበር። ለምን አንድ ቃል እንዳቃተው አልገባኝም። ለኔ ሲል ሶሪ ቢል ሁሉም ያልቅ ነበር፣ ሁለት የጥርስ ብሩሽም አይኖረኝም ነበር። እጁን ጭንቅላቴ ላይ አሳርፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ የመኪናውን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ወጣ። በወሩ ተፋቱ። ማንም እናቴን አልወቀሳትም፤ የሚጠጣ ባል ይዛ ምን ታድርግ ተባለ።

አባቴ ካፒቶል ሂል ሰፈር፣ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ በዐሥራ አምስት ቁጥር አድርሳኝ ከታች ትመለሳለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሊያቅፈኝ ሲመጣ ደረቱን በእጄ ገፋሁት። «ፈርስት፣ ላሽትህ» አልኩት። ደንግጦ ቆመ። ከዚያ ተንበርክኮ አፉን ከፈተልኝ። አሸተትኩት። ሻይና ቅርንፉድ ነበር የሚሸተው። «አለፍኩ?» አለኝ። «አለፍክ» አልኩትና ታቀፍኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳልጠይቀው ተንበረከከ። በሚቀጥለውም። በሩን ከፍቶ፣ ጉልበቱን ምንጣፉ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ይከፍታል፤ እኔም ሕፃኗ ፖሊስ አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸታለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ እንዲህ ነበርን። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶኝ አያውቅም። ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ኖቫውን ወደ ተራው ቤንዚን መለሱት። «አሁን የሚጠጣው ከማደያ የሚቀዳውን ነው» ሲለኝ ጣራ ጣራውን አየሁ፤ የሰካራም ወሬ መስሎኝ። አልኮሉ የሰጠው ጉልበት ሁሉ ጠፋ፣ በዓመቱ ሸጡት። ለምን እንደተወው የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔ ብቻ በልቤ ታረመ ብዬ ተደሰትኩ።

አባቴ የሞተው በፈረንጅ 2006 ላይ ነው። ኤርፖርት፣ ተራ እየጠበቀ ሳለ፣ መሪው ላይ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ተኽለሚካኤል ለቅሶ ሊደርስ ተዕዚያው ቤት መጣ፤ ሸብቷል፣ በር ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በእጁ ያዞራል። ሲወጣ እስከ ፓርኪንጉ ሸኘሁት። ሰው ሲያዝን የማይለው የለም፤ እኔም ራሴን ላጽናና ብዬ፣ «ቢያንስ መጠጡን ትቶ ነው የሞተው፣ አልሐምዱሊላህ» አልኩት።

ጋሽ ተኽለ ቆመ። «የቱን መጠጥ?»

«ያ ያኔ… የጀመረውን።»

ፊቴን አየው። «አንቺ እስከ ዛሬ እውነት ጠጥቶ ነበር ብለሽ ነው?» አለኝ። የመኪናውን ኮፈን ተደግፎ ስለ በርሜሉ፣ ስለ እጥፉ፣ ብርድ ላይ ስለማይነሳው ሞተር ሁሉን ነገረኝ። አጥሩ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ለመሄድ ቁልፉን አወጣና መልሶ ኪሱ ከተተው።

«ኑሰይባ፣ አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ከኔ ጋር እንዳይቀበር» አለኝ። «እናትሽ ታውቅ ነበር። በርሜሉን ያሳየኋት እኔ ነኝ። የመኪና ነው፣ ሰው ከጠጣው ይታወራል አልኳት። ገብቷታል። ስቃለች እንኳ። ያኔውኑ ለሐሚድ ነግሬው ነበር፤ ሚስትህ መጥታ አይታ ሄዳለች፣ አትሥጋ አልኩት። ተማምኖ ነው ሽማግሌ ፊት የተቀመጠው።»

«ታዲያ ታውቃለች ለምን አላለም?»

«እኔም እንዲሁ ብዬዋለሁ፤ ምን ነካህ፣ ለምን ዝም አልክ ብዬ ተቆጣሁት። ልጄ ከናቷ ጋር ነው የምታድገው፣ እናቷን ውሸታም አድርጌባት ከማን ጋር ልተዋት? አለኝ። ከዚያ ወዲያ አንስተነው አናውቅም።»

በዚያው ወደ እናቴ ቤት ነዳሁ። ተዕዚያው ላይ አልተገኘችም ነበር። ሳሎን ውስጥ የሥራ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች አገኘኋት። ጫማዬን ሳላወልቅ ገባሁ።

«ታውቂ ነበር?» አልኳት።

ስለ ምን ነው አላለችም። «ማን ነገረሽ?» አለች።

«ጋሽ ተኽለ።»

ካውያውን እጅጌው ላይ ወስዳ መለሰች። «አዎ። አውቅ ነበር።»

«ለምን እማዬ?»

«ሁለቴ ለመንኳቸው» አለች። ድምፅዋ አልተነሳም። «ብቻዬን ነኝ አልኳቸው። ከግድግዳ ጋር ነው የማወራው አልኳቸው። በር ጀርባ ነበርሽ፣ ምን እንዳሉኝ ሰምተሻል። አይጠጣም፣ ባልሽን ያዢ። ሁለት ዓመት ተንገበገብኩ፣ የሰማኝ የለም። አንቺ አልኮል ስትዪ ግን አንድ እሑድ በቃቸው።»

«እኔን ምንጣፉ ላይ አቁመሽ።»

«የሰማሽውን ነው የተናገርሽው። ማንም አላስዋሸሽም። እኔም አልዋሸሁም።» ሸሚዙን ገለበጠችው። «አላህ በአንቺ አፍ ነው ነፃ ያወጣኝ። ሁልጊዜ ዱዓ አደርግልሻለሁ፤ አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

ስታመሰግነኝ ነው የተናደድኩት። ልትጮህብኝ፣ ልትክድ፣ ልታለቅስ ጠብቄ ነበር። አመሰገነችኝ። ያኔ ነው ስለ አፉ የነገርኳት፤ በየቅዳሜው ተንበርክኮ እንደሚከፍትልኝ፣ እያሸተትኩ አለፍክ እንደምለው፣ እሷ ከታች አውቶቡስ ስትጠብቅ። አላወቀችም ነበር። ካውያው እጇ ላይ እንዳለ ቆመ፣ ጨርቁ መሽተት ሲጀምር ነው ያነሳችው።

«ምነው ያኔ ብትነግሪኝ» አለች።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

አሰበች። የእውነት አሰበች፤ እየዋሸች እንዳልሆነ ዓይኗ ላይ አየሁት።

«ምንም» አለች።

ካውያውን ነቅላ ራት አቀረበች። በላሁ። ይኸው ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፣ በየሳምንቱ እሑድ ሄጄ እበላለሁ፤ መድኃኒቷን አመጣለሁ፣ ሐኪም ቤት አስተረጉምላታለሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብላ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አውፍ አላልኳትም። አባቴን ደግሞ አውፍ በለኝ ልለው የምችልበት ቦታ የለም።